የባሌ ቁስል፣ የእኔ አፍንጫ

እኔ ተጸያፊ ሰው ነኝ። ልመካበት ብዬ አይደለም የምናገረው፤ ጥርሴ ረግፎ ጸጉሬ ነጥቶም ስላልተወኝ ነው። ሰው በጠጣበት ጣሳ ውሃ አልጠጣም። ልጅ ሆኜ አጎቴ ጣቱን እየላሰ ሲበላ ሳይ "ሆዴን አመመኝ" ብዬ ከገበታ እነሳ ነበር። ይባስ ብሎ የተወለድኩት በእንሰት አገር ነው። ከወልቂጤ ወጣ ብሎ ባለው የአባቴ ቤት ጓሮ ቆጮ የሚብላላበት ጉድጓድ ነበረን። እናቴ ቅጠሉን ገልጣ ስታገላብጥ እኔ ሻሼን አፍንጫዬ ላይ ጠምጥሜ እሸሻለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ "ቆጮ የሚሸታት የጉራጌ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?" እያለ ይሥቅብኝ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። የእኔም ጊዜውን ጠብቆ ደረሰ፤ የደረሰው ደግሞ በባሌ መቀመጫ ላይ ነው።

የተዳርኩት ለቡታጅራ ልብስ ሰፊ ነው። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ነበር፤ እኛ ግን ማብቂያው መሆኑን አናውቅም። ሱቁ ገበያው ዳር ነው፤ የተማሪ ካኪ፣ የሴት ቀሚስ፣ የሹም ኮት ሳይቀር ይሰፋል። ወላሂ፣ የወደድኩት በመልኩ አይደለም፤ በንጽሕናው ነው። ጥፍሩ ሥር እድፍ አይገኝም። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ ሲያደርግ ክርኑን፣ የጣቶቹን መሃል፣ ተረከዙን እያሻሸ ነው። አዛን ሲሰማ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቶ ይነሳል፤ ሱቁ ውስጥ የቆመው ሹም ይሁን ገበሬ ጉዳዩ አይደለም። መስጊድ ውስጥ የፊተኛው ረድፍ ላይ በስተቀኝ ያለው ቦታ የእሱ መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። እኔም በልቤ "አላህ አፍንጫዬን አይቶ የሰጠኝ ባል ነው" እል ነበር።

በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ሽታው መጣ።

መጀመሪያ ቆጮው መሰለኝ። ሌላ ምን ሊመስለኝ ይችላል? ከጓሮ የአማቴ ጉድጓድ አለ፤ ቤት ውስጥ በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ አለ። ቢላዋውን አጠብኩ፣ መክተፊያውን በአመድ ፈገፈግሁ፣ አንድ ጥቅል ቆጮ ደብቄ ጣልኩ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ሽታው አልሄደም። በመጨረሻ ለአማቴ "እማ፣ ቆጮው ሳይበላሽ አይቀርም" አልኳቸው። በእኛ አገር ለአንዲት ባልቴት ቆጮዎ ተበላሽቷል ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቤትዎ ይፍረስ ከማለት አይተናነስም። አማቴ ወጥተው ጉድጓዱን ከፈቱ፤ ከመሃል ቆንጥረው ቀመሱ፤ ሦስት ጎረቤት ጠርተው አስቀመሱ። ሦስቱም "ማሻአላህ፣ ምን የመሰለ ቆጮ" አሉ።

"የተበላሸውስ ያንቺ አፍንጫ ነው" አሉኝ አማቴ፤ ከዚያ በኋላ ለሳምንት አላናገሩኝም።

አሁን ሳስበው ምልክቱ ሁሉ ፊቴ ላይ ነበር። ሽታው የሚመጣው ባሌ ከሱቅ ሲገባ ነው፤ ጠዋት ሲወጣ አብሮት ይወጣል። ስፌት መኪናው ላይ በአንድ ጎኑ ብቻ፣ ዘንበል ብሎ መቀመጥ ጀምሯል። ደንበኛ ሲመጣ ቶሎ ብድግ ይላል፤ ደንበኛው ከሄደም በኋላ እንደቆመ ይቀራል። ሲተኛ በሆዱ ነው። አንዳንድ ቀን ያለ ብርድ ያንቀጠቅጠዋል። ሱሪውን ራሱ ወንዝ ወርዶ ማጠብ ጀመረ፤ እኔ ሞኟ ለእኔ አዝኖ መሰለኝ። የገበያው ሰውማ "ይኸ ነው ሠራተኛ! ቁጭ ማለት አያውቅም" እያለ ለልጆቹ ምሳሌ አድርጎ ያሳየው ነበር። ለሥራ የቆመ ሰው ስናይ ልባችን ስለሚሞላ፣ ለምን እንደማይቀመጥ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

ጥር ላይ ሱቁን ልጥረግ ብዬ ገባሁ። እሱ ክር ሊገዛ ወጥቷል። ከመኪናው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ የሚጠራቀምበት ካርቶን ነበር፤ ሳነሳው ከኋላው የተደበቀ ቋጠሮ አገኘሁ። ፈታሁት። በመዳፍ ልክ የተቆረጡ፣ እጥፍ ድርብ ተደርገው የተሰፉ ጨርቆች ናቸው፤ ዳር ዳራቸው ለሙሽራ እንደሚሰፋ ልብስ በጥንቃቄ ተዘምዝሟል። ግማሾቹ ንጹሕ ናቸው። ግማሾቹ ደርቀው ቅርፊት ሠርተዋል፤ ቢጫና አረንጓዴ፣ መሃሉ ላይ ቀጭን የደም መስመር። ሽታውም ያው ነው፤ ስድስት ወር ሙሉ በአማቴ ቆጮ ያሳበብኩት ሽታ። ሮጬ ወጥቼ ደጃፉ ላይ አስታወክሁ። በመንገዱ የሚያልፉ ሴቶች "እሰይ፣ አረገዘች!" ብለው ምሥራቹን ለአማቴ ይዘው ሄዱ።

ማታ ሲገባ ቋጠሮውን ፊቱ አስቀመጥኩት። አልካደም። ግድግዳውን እያየ "ብጉንጅ ነበር" አለ።

ክረምቱ ሲገባ ነው የጀመረው። ከመቀመጫው አጠገብ አበጠ፤ ቀላ፤ መቀመጥ ከለከለው፤ ሌሊትና ቀን እንደ ልብ ምት ይጠዘጥዘው ጀመር። ትኩሳትም ነበረው። በአራተኛው ቀን ራሱ ፈነዳ፤ መግሉ በእግሩ ወረደ፤ ሕመሙ ወዲያው ተወው። አልሐምዱሊላህ ብሎ ነገሩን ረሳው። ከወር በኋላ እዚያው ቦታ ላይ አበጠና ፈነዳ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ደርቆ አያውቅም፤ ሲያብጥ ያማል፣ ሲፈነዳ ይተዋል፣ ከዚያ እዡ ይንጠባጠባል።

"ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።

"ላንቺ?" አለ። 

አሳየኝ ብዬ ሦስት ቀን ጨቀጨቅሁት። ባየሁት ጊዜ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ከፊንጢጣው ሁለት ጣት ያህል ፈንጠር ብሎ፣ ምስር የምታክል ቀዳዳ፣ ዙሪያዋ የጠቆረና የጠነከረ። ቤቴን ያገማችው፣ ከአማቴ ያጣላችኝ፣ ይህቺ ናት? ጫን ሳደርጋት ወፍራም መግል ከጥልቅ ተስቦ ወጣ፤ መግል ብቻም አልነበረም፤ የዓይነ ምድር ሽታ ነበረው። እጄን በአመድ፣ በሳሙና፣ በሎሚ አጠብኩ። ለሁለት ቀን በዚያ እጄ አልበላሁም። ያሳዝነኝ ነበር፤ እውነት ነው፤ ግን ማዘኔ መጸየፌን አላሸነፈውም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ኖሩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ብልሃት አበጀሁ። እሱ አጠገብ ስሆን በአፌ እተነፍሳለሁ። ውሃ ስሰጠው፣ ምግብ ሳቀርብለት፣ ጨርቁን ስቀበለው ትንፋሼን ይዤ ነው፤ ዞር ስል እለቀዋለሁ። ማንም የማያውቅብኝ ብልሃት መሰለኝ፤ ሚስትነቴንም በዚህ ያተረፍኩ መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን ባሌ ከመስጊድ ቀረ። መጀመሪያ የንጋቱን ሱብሒ ተወ፣ ቀጥሎ የቀትሩን ዙሁር፣ በመጨረሻ የዓርቡን ጁምዓ። በሩን ዘግቶ ቤት ውስጥ ብቻውን ይሰግዳል። ከሰርግም፣ ከለቅሶም፣ ከሰው ሁሉ ተለየ። ቡታጅራ ያኔ ትንሽ ከተማ ናት፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይማርህ ይላል። "ጫት ጥሎት ነው" አሉ፤ "አዲስ አበባ ሌላ ሚስት አለችው" አሉ። በረድፉ የነበረውን ቦታ ሌላ ሰው ያዘው። እኔ ግን ምክንያቱን የማውቅ መሰለኝ፦ መግሉ ልብሱን እየነካ ነጃሳ፣ ርኩስ፣ ስለሚያደርገው፣ ሰላቱ የማይያዝለት መስሎታል። አማቴ "ከሰው የተለየ ሰው በቁሙ የሞተ ነው፤ ልጄን ወደ ሰው መልሺልኝ" እያሉ አለቀሱ። እኔም ይህን ለራሴ መሐላ አደረግሁት፦ ወይ ድኖ ወደ ረድፉ ይመለሳል፣ ወይ እኔ ወደ አባቴ ቤት እመለሳለሁ።

ሕመሙን ለአማቴ ስነግራቸው ጥፋቱ የበርበሬዬ ነው አሉ። የቡታጅራ ሰው በርበሬ ይሸጣል፣ በርበሬ ይበላል፣ በርበሬ ያሰጣል፤ ሕመም ሲመጣ ግን የሚከሰሰው የምራት እጅ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ነጭ በነጭ በላን። ቆጮ በአይብ፣ ጎመን በጨው፣ ገንፎ በቅቤ። ሆዳችን ቀዘቀዘ፤ መግሉ እንደሆነ አንድ ጠብታ አልቀነሰም።

ከዚያ የኪንታሮት መድኃኒት ያውቃል የተባለ ሰው ከገበያ ተጠራ። ቀዳዳዋን እንኳ በቅጡ ሳያይ ኪንታሮት ነው አለ። ቀንድ ውስጥ የያዘው ጥቁር ቅባት ነበረው፤ ምን እንደሆነ አልተናገረም፤ ሽታው ግን የታመመ ፍየል ነው። ያንን ቀዳዳዋ ውስጥ ጠቀጠቀው። ባሌ ትራሱን ነክሶ የጮኸው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ሥጋው ተቃጠለ፣ ቅርፊት አወጣ፤ በሦስተኛው ሳምንት ቅርፊቱ ሲወድቅ ቀዳዳዋ ተደፍናለች። ደረቅ! ጨርቁ ንጹሕ! አማቴ ዶሮ አሳረዱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወጡ ውስጥ በርበሬ ጨመርኩ። ላይ ላዩን ያየ ሰው ዳነ ይል ነበር፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን እንደሚሉት ግን ውስጡን ለቄስ ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ትኩሳቱ መጣ። በአንድ በኩል የነበረው እብጠት አሁን በሌላው ወገን፣ ወደ ፊት ጠጋ ብሎ፣ እንቁላል አክሎ ወጣ። እኔም በቃኝ። ሰው የሚችለውን ያህል ችያለሁ አልኩ። ሽንት ቤት እንጂ ባል ያገባሁ አልመሰለኝም፤ ይህን አስቤ ያለቀስኩት ራሴን ተጸይፌ ነው። "ጥቂት ቀን እናቴ ዘንድ ልሰንብት" አልኩት። ሻንጣ ስላልነበረኝ ልብሴን በጨርቅ ቋጠርኩ።

ቋጠሮውን አየው። "አራቱንም ቀሚስ ያዝሽ?" አለኝ። አራቱንም የሰፋቸው እሱ ነው።

"ጭቃ ነው፤ ይቆሽሻል ብዬ ነው" አልኩት።

"ብቻሽን አትሄጂም፤ አደርስሻለሁ" አለ።

በዚያን ጊዜ ከቡታጅራ ወልቂጤ በመኪና መሄድ ለሚፈልግ ሰው በአዲስ አበባ መዞር ነበረበት። እኛ ተራራውን አቋርጠን በአገና በኩል ሄድን። በቅሎ ተከራየን፤ በቅሎዋ ላይ ግን መቀመጥ የሚችለው ማነው? እኔ ተቀመጥኩ፤ እሱ እግሩን አንፈራጥጦ ልጓሟን እየጎተተ በጭቃው ተራመደ። በመንገድ ያገኘነው ሰው ሁሉ ቆሞ ያየናል። ሚስቱን በበቅሎ አስቀምጦ ራሱ በእግሩ የሚሄድ ባል ያኔ ብርቅ ነው። አንዲት ሴት እንሰት እየፋቀች ቀና ብላ "እድለኛ ነሽ፤ እንዲህ የሚወድ ባል!" አለችኝ። ልፈታው የምሄደው እኔ፣ በቅሎዋ ላይ ሆኜ፣ ምን ልመልስላት? "አሚን" አልኳት።

እናቴ ቤት ስንደርስ ሁለተኛው ቀን ሊመሽ ነው። አማች መጣ ተብሎ የተጠቀለለው አዲሱ ጅባ ምንጣፍ ተዘረጋ። በወጉ መቀመጥ አለበት፤ አማት ፊት የቆመ አማች ተጣልቶ የመጣ ነው። "አሰላሙ አለይኩም" አለ፤ ፊቱ በላብ ተነክሯል። ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ተቀምጦ የእናቴን ሰላምታ አንድ በአንድ መለሰ፤ ዘመድ፣ ከብት፣ እንሰቱ። "ዝናቡስ እንዴት ነው?" ስትለው ዓይኑ ፈጠጠ። እብጠቱ ከሥሩ ፈንድቶ ነበር።

ሱሪውን አልፎ ጅባው ላይ ፈሰሰ። ሽታው ቤቱን ሞላው፤ በረት ውስጥ ያሉት ላሞች እንኳ ራሳቸውን ያዞሩ መሰለኝ። እሱ አልተንቀሳቀሰም። እንደተቀመጠ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ እንባው ጢሙ ላይ ወረደ። እኔ ሻሼን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ወደ በሩ ሸሸሁ። ሳላስበው ነው፤ እግሬ ነው የሄደው።

እናቴ አፍንጫዋን አልያዘችም። ንጹሕ ጋቢ አምጥታ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለትና "ልጄ፣ ቤትህ ነው፤ ጓዳ ግባና ታጠብ" አለችው። ጅባውን ጠቅልላ አወጣችው፤ ውሃ ደፋችበት። ከዚያ እኔን በጓሮ በኩል ጠርታ የሕመሙን ነገር ሁሉ አስለፈለፈችኝ። ቅባቱ ቀዳዳዋን እንደደፈናት ስነግራት ራሷን ነቀነቀች።

"የቆጮ ጉድጓድ ከሥሩ ውሃ ሲያስገባ ምን ታደርጊያለሽ?" አለችኝ።

"እኔ ምኑን አውቃለሁ?"

"አዎን፤ አንቺ ስትሸሺ ነው ያደግሽ። ከላይ ድንጋይ ብትጭኚበት ቆጮው አይድንም። ውሃው በየት እንደሚገባ ነው የሚፈለገው። የእናንተ ባለመድኃኒት ድንጋይ ጫነበት።" ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "ነገ ሐኪም ዘንድ ትወስጂዋለሽ፤ ከዚያ መፍታትሽን ፍቺው" አለች። ስለ መፍታት አንድ ቃል አልተናገርኩም ነበር።

ወልቂጤ ቀዶ ጥገና የሚያውቅ ሐኪም መጥቷል ይባል ነበር። በማግስቱ ሄድን። ግድግዳው ላይ የጃንሆይ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ባሌ ሱሪህን ዝቅ አድርግ ሲባል ፎቶግራፉን አየና ቀበቶውን ያዘ። ሐኪሙ የገባው ይመስለኛል፤ አልጋውን በሌላ በኩል አዞረው። ጓንት አጥልቆ መረመረው፤ ጣቱን አስገባ፣ ቀጭን ብረት በቀዳዳዋ አስገባ። እኔ በአፌ እየተነፈስኩ ጣሪያውን አያለሁ። ሰው ይህን ሥራ ብሎ መርጦ ይማራል? እያልኩ አስባለሁ።

እየመረመረ ጠየቀው። መጀመሪያ አብጦ ነበር? ሲፈነዳ ሕመሙ ቀለለ? እንደገና እዚያው መጣ? ትኩሳትስ? ደም ከመግሉ ጋር ታያለህ? ረጅም ጊዜ ያስልሃል? ከስተሃል? ተቅማጥ ቆይቶብህ ያውቃል? ሳሉንና ተቅማጡን የጠየቀው፣ የሳንባ ነቀርሳና የአንጀት ሕመምም አንዳንዴ እንዲህ ያለ ነገር ስለሚያመጡ ነው። ባሌ ሳልም ተቅማጥም አልነበረውም።

"ፊንጢጣ ውስጥ ጥቃቅን እጢዎች አሉ" አለ ሐኪሙ እጁን እየታጠበ። "አንዱ ይደፈንና መግል ይይዛል። መግል መውጫ ሲያጣ ሥጋውን በስቶ መንገድ ያወጣል። አንተ ብጉንጅ ያልከው እሱ ነው። ሲፈነዳ ሕመሙ ይሄዳል፤ መንገዱ ግን ይቀራል፤ አንዱ አፉ ውስጥ፣ አንዱ አፉ ውጭ። ፊስቱላ ይባላል። የውጭውን አፍ ስትደፍነው መግሉ ሌላ በር ከፈተ፤ አሁን ሁለት በር አለህ።"

"ከበርበሬ አይደለም?" አልኩ እኔ። ከዚያ ሁሉ ነገር መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ይህ ነው።

"በርበሬ ያቃጥለው ይሆናል እንጂ አያመጣውም።"

ስድስት ወር ነጭ በነጭ! በዚያች ደቂቃ አማቴን ብቻ ነበር ማግኘት የፈለግሁት።

"ከመቀመጥስ? ሥራዬ ቁጭ ብሎ ነው" አለ ባሌ።

"ከመቀመጥም አይደለም። ኪንታሮትም አይደለም። ያን የመጀመሪያ ጊዜ፣ አብጦ ሲጠዘጥዝህና ሲያተኩስህ ብትመጣ፣ ቀደድ አድርጌ አፈሰው ነበር፤ ምናልባት እዚህም ባልደረሰ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?"

አሁን የሚያደርገውንም ነገረን። በአንድ ጊዜ ሁሉን ቢቆርጠው ዓይነ ምድር የሚይዘውን ጡንቻ ሊጎዳ ይችላል፤ ከዚያ የባሰ ውርደት ይመጣል። ስለዚህ አንዱን መንገድ ከፍቶ ያጸዳዋል፤ በጥልቁ ውስጥ ግን ክር አሳልፎ ያስረዋል። ክሩ አፉ ቶሎ እንዳይደፈን አድርጎ መግሉን ያፈሳል፤ በየጊዜው ጠበቅ እየተደረገ ቀስ ብሎ ይቆርጣል፤ ከኋላው ሥጋው ከውስጥ ወደ ውጭ እየሞላ ይመጣል።

ባሌ ከገባን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። "ምን ዓይነት ክር?" አለ።

"የሐር።"

"ነጠላ ነው ድርብ?"

ሐኪሙ ሣቀ። ባሌም ፈገግ አለ፤ ዓመት ሙሉ ያላየሁት ፈገግታ ነው። ክር በጨርቅ ውስጥ ቀስ ብሎ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሰው ነውና፣ በሐኪሙ ቃል ሳይሆን በክሩ አመነ።

ሦስት ወር ወልቂጤ ቆየን። አማች ቤት መክረም ነውር ነው፤ ሆኖም ነውሩን እናቴ ጅባው ላይ ቀድማ አይታዋለችና ምን ይጨመራል። ጠዋትና ማታ፣ ከተጸዳዳም በኋላ፣ ለብ ባለ የጨው ውሃ ሳፋ ውስጥ ይቀመጣል። ሆዱ እንዳይደርቅ ጎመን ይበላል፣ ውሃ ይጠጣል። ጨርቁን የምቀይረው እኔ ነኝ፤ ክሯ ጫፏ ተቋጥሮ ወጣ ብላ ትታያለች፤ እዥ ያረጠባት፣ ዝንብ የሚወዳት። ስንት ጊዜ ሮጬ ጓሮ እንደወጣሁ አልቆጥረውም። በአፌ እየተነፈስኩ፣ ዓይኔን አጥብቤ፣ ቶሎ ቶሎ። ግን ጨርቁ በየሳምንቱ እየነጣ መጣ። አራቱ ቀሚሶቼ ከቋጠሮው ወጡ። መቼ እንዳወጣኋቸው አላስታውስም።

ታኅሣሥ ላይ ቡታጅራ ተመለስን። ክሩ ወጥቷል፤ ቁስሉ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል፤ ጨርቁ ላይ የሚታየው ጣት የምታክል እርጥበት ብቻ ነው። ስፌት መኪናው ላይ በሁለቱም ጎኑ ተቀመጠ። ደንበኛ ተመለሰ። ይህ ሁሉ ሆኖ መስጊድ አልሄደም። አዛን ይሰማል፣ መርፌውን ይሰካል፣ ወደ ጓዳ ገብቶ ብቻውን ይሰግዳል። አማቴ ዓይኔን ዓይኔን ያያሉ።

እኔም ተነሳሁ፤ በመስጊዱ ሼኽ ሚስት በኩል ሼኹን አስጠየቅሁ። መልሱ በዚያው ቀን መጣ። ድል ያደረግሁ መስሎኝ እየሮጥኩ ሱቅ ገባሁ። መርፌ ላይ ክር እያስገባ ነበር።

"ሼኹን አስጠይቄ ነበር" አልኩት። "ቁስሉ መፍሰስ የማያቆም ሰው በየሰላቱ ጨርቁን ቀይሮ፣ ውዱኡን አድሶ ይሰግዳል፤ ምንም የለበትም ብለዋል። ዓመት ሙሉ በከንቱ ነው የቀረኸው!"

"አውቃለሁ" አለ።

"ከየት አወቅህ?"

"መጀመሪያ የፈነዳ ሰሞን ጠይቄያቸዋለሁ። ያሉኝ ይህንኑ ነው። ስድስት ወር እንደዚያው እያደረግሁ፣ ከነቁስሌ፣ ረድፌ ላይ ሰግጃለሁ።"

"ታዲያ ለምን ቀረህ?"

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካው። "አንቺ ውሃ ስትሰጪኝ ትንፋሽሽን ትይዣለሽ" አለ። "በአፍሽ ስትተነፍሺም ይሰማኛል። አልተቆጣሁም፤ ተጸያፊ መሆንሽን ሳላገባሽ ነግረውኛል። ግን እኔ ሽታው ለሰው የሚደርስ አይመስለኝም ነበር። ባንቺ አወቅሁ። ከዚያ በኋላ ትከሻዬን ነክቶ የሚቆመው ሰው ትንፋሹን የያዘ ይመስለኝ ጀመር። ኢማሙ የሚቀራውን ቁርአን መስማት ተውኩ፤ የማዳምጠው የጎረቤቴን አፍንጫ ሆነ። እንዲህ ሆኖ ይሰገዳል?"

 አማቴ "ልጄን ወደ ሰው መልሺልኝ" ሲሉኝ ከሰው የለየሁት እኔ ነበርኩ። አፈርኩ። ቁስሉን ከተጸየፍኩት ይልቅ በዚያች ሰዓት ራሴን ተጸየፍኩ፤ ይህንን ግን በአመድም በሎሚም ማጠብ አይቻልም።

በማግስቱ ጁምዓ ነበር። ጠዋት ጨርቁን ልቀይርለት ከጀርባው ተንበረከክሁ። እሱ እንደ ወትሮው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጨርቁን ገለጥኩ። አፌን ዘጋሁና በአፍንጫዬ፣ እሱ እንዲሰማው ጮክ አድርጌ፣ ሳብኩ። ሸተተኝ፤ አልዋሽም። እንደገና ሳብኩ። ቁስሉን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ንጹሑን ጨርቅ እስካስርለት ድረስ አፌን አልከፈትኩም። የእሱ ጆሮ እኔ ዘንድ እንደነበረ ከትከሻው አውቃለሁ።

አዛን ሲል ኮፍያውን አንስቶ ወጣ።